በሌላው ሰው መቅደስ ደጃፍ
ስለ ሂንዱዎች የጸሎት ስፍራ ለካቴኪስቶችና ለምእመናን የቀረበ ትምህርት



በጅማ ከተማ በቦሳ አዲስና በአካባቢው ትምህርተ ክርስቶስ ከምናስተምራቸው ወጣቶች ከጊዜ ወደ ጊዜ የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ። «ሂንዱዎች የሚሰግዱት ለምንድን ነው? ወደ መቅደሳቸው ብንገባ ኃጢአት ይሆንብናልን? በበዓላቸው ዕለት ጣፋጭ ቢያቀርቡልን እንብላ ወይስ እንተው?» ይሉናል። ጥያቄው ከሩቅ የመጣ ይመስላል እንጂ ሩቅ አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩ ብዙ ህንዳውያን መምህራን ነበሩ፤ የኬረላ ክርስቲያኖች የሆኑ ብዙዎች ቢኖሩባቸውም ሂንዱዎችም አልታጡባቸውም። በኋለኞቹ ዓመታትም ህንዳውያን መምህራን በዩኒቨርሲቲዎቻችን አስተምረዋል። ለትምህርት ወደ ህንድ ሄደው የተመለሱ ወገኖችም አሉን። ይህ ሁሉ ባይኖር እንኳ የህንድ ፊልም አይቶ የማያውቅ ሰው በከተማችን ማግኘት ያስቸግራል፤ በፊልሙም ውስጥ መቅደስ፣ ደወል፣ የአበባ ጉንጉንና የመብራት ሥርዓት አይጠፋም።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ «ድንጋይ ያመልካሉ» ተብሎ ያልፋል። ይህ መልስ አይበቃንም። በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ስምንተኛው ትእዛዝ ስለ ባልንጀራችን ሃይማኖት ስንናገርም ይሠራልና። ካቴኪስት የሆነ ሰው ሌላው የሚያምነውን ሲያስረዳ፣ ያ ሌላው ሰው በዚያ ተቀምጦ ቢሰማው «አዎን፣ እኔ የማምነው ይህንን ነው» ለማለት የሚችልበት ሊሆን ይገባል። ልዩነታችንን መናገር የሚቻለው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

መቅደሱና ከተማው

ስለ ሂንዱ መቅደስ በጠቅላላው መናገር ስለ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን በጠቅላላው እንደ መናገር ነው፤ ላሊበላና የሮማው ቅዱስ ጴጥሮስ በአንድ ቃል አይገለጹም። ስለዚህ አንዱን መርጠናል። በደቡብ ህንድ፣ በታሚል ናዱ ክፍለ ሀገር፣ በቫይጋይ ወንዝ ዳር ማዱራይ የምትባል ጥንታዊት ከተማ አለች። በመካከልዋም የሚናክሺና የሱንዳሬሽዋራር መቅደስ ይገኛል። ይህንን የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው፤ አንደኛ፣ ሕዝቡ ዛሬም ቀን ከሌት የሚመላለስበት ሕያው መቅደስ ስለ ሆነ፤ ሁለተኛ፣ ከአራት መቶ ዓመታት በፊት የእኛው ቤተ ክርስቲያን ካህን የሆነ ሰው በዚያች ከተማ ተቀምጦ ስለ ተማረና ስላስተማረ ነው።

ማዱራይን ከላይ ለሚመለከታት ከተማዋ በመቅደሱ ዙሪያ እንደ ተጠቀለለች ይታያል። ጎዳናዎቿ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጡ አራት ማዕዘኖች ሆነው መቅደሱን ይከባሉ፤ ስማቸውም የታሚል ወራት ስም ነው። እኛ «የየካቲት ጎዳና»፣ «የሚያዝያ ጎዳና»፣ «የሐምሌ ጎዳና» እንደምንለው ማለት ነው፤ በየወሩ የሚደረገው የበዓል ዑደት በየትኛው ጎዳና እንደሚያልፍ ከስሙ ይታወቃል። ቅጥር ግቢው ወደ 6 ሄክታር ይሆናል። በውስጡም ሁለት ዋና መቅደሶች፣ የተቀደሰ ኩሬ፣ የዓምድ አዳራሾችና የካህናት መተላለፊያዎች አሉ፤ በመግቢያው በኩል አበባ፣ ሙዝ፣ ኮኮናትና የመብራት ዘይት የሚሸጡ ነጋዴዎች ይቀመጣሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ ዓይን የሚይዘው ጎፑራም የሚባለው የበር ማማ ነው። በግቢው 14 ማማዎች አሉ። በ1559 የተሠራው የደቡቡ ማማ ወደ 52 ሜትር ይደርሳል፤ ይህም አሥራ አምስት ፎቅ ያህል መሆኑ ነው። ከታች እስከ ላይ በአማልክት፣ በአራዊትና በሰዎች ምስል ተሸፍኖ፣ በየቀለሙ ተቀብቶ ይታያል። ፎቶግራፍ የሚያነሡ እንግዶች ይህን ማማ አይተው «መቅደሱን አየን» ብለው ይመለሳሉ። ለአማኙ ግን ማማው በር ብቻ ነው። ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር ማማው እያጠረ፣ ብርሃኑም እየቀነሰ ይሄዳል። በመጨረሻ የሚደረስበት ክፍል ትንሽ፣ መስኮት የሌለው፣ በዘይት መብራት ብቻ የሚታይ ነው። በሳንስክሪት ስሙ ጋርባግሪሃ ይባላል፤ «የማኅፀን ቤት» ማለት ነው። ወደዚያ የሚገባው ካህኑ ብቻ ሲሆን ሕዝቡ ከደጅ ቆሞ ያያል።

ከቅኔ ማኅሌት ወደ ቅድስት፣ ከቅድስት ወደ መቅደስ የሚገባበትን የአገራችንን ቤተ ክርስቲያን ለሚያውቅ ሰው ይህ አሠራር ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም። ጫማ አውልቆ መግባቱም እንዲሁ። በበዓል ቀን የሚወጣው ምስል በጥላና በዝማሬ ታጅቦ ከተማውን ሲዞር ጥምቀትን የሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ መንገደኛ ቢኖር አንፈርድበትም። ሆኖም መምሰል አንድ ነገር ነው፣ አንድ መሆን ሌላ ነገር ነው፤ ወደዚህ ኋላ እንመለሳለን።

በዚያ ምን ይደረጋል?

መቅደሱ የተሰየመው በሁለት ስም ነው። ሚናክሺ «የዓሣ ዓይን ያላት» ማለት ሲሆን፣ ሱንዳሬሽዋራር «መልከ መልካሙ ጌታ» የተባለው ሺቫ ነው። በመቅደሱ ትውፊት መሠረት ልጅ ያጣ የፓንዲያ ንጉሥ ከነሚስቱ መሥዋዕት ሲያቀርብ ከእሳቱ መካከል ሴት ልጅ ወጣች፤ እንደ ወንድ ልጅ ጦር ተምራ አገር ገዛች፤ ዘምታም ድል እያደረገች እስከ ካይላሽ ተራራ ደረሰች፤ በዚያ ሺቫን ባየች ጊዜ የጦርነት መንፈሷ በረደ፤ በማዱራይም ተጋቡ። ስለዚህ በዚህ መቅደስ አስቀድሞ የሚሰገደው በሚናክሺ ፊት ነው፤ ባልየው ይከተላል። በየዓመቱ በሚያዝያ ግድም የሚከበረው የጋብቻቸው በዓል ከተማውን ሁሉ ያጥለቀልቃል። በ17ኛው መቶ ዓመት የነገሠው ቲሩማላይ ናያክ፣ ቀድሞ ለየብቻ ይከበሩ የነበሩትን ይህንን የሺቫ በዓልና የቪሽኑ ተከታዮች የሚያከብሩትን የአላጋር በዓል በአንድ ወቅት እንዲውሉ አደረገ ይባላል። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ወንዝ ዳር እንዲገናኙ ያደረገ ንጉሥ ብልህ አስተዳዳሪ ነበር ብንል አልተሳሳትንም።

የዕለት ጸሎቱ ፑጃ ይባላል። ሥርዓቱ በመሠረቱ እንግዳ እንደ መቀበል ነው። ጎህ ሲቀድ በዜማ ይቀሰቅሳሉ፤ ምስሉን ያጥባሉ፣ ያለብሳሉ፣ በአበባ ያስጌጣሉ፤ ምግብ ያቀርባሉ፤ መብራት ያዞሩለታል፤ ሲመሽም ሱንዳሬሽዋራርን በእልፍኝ ወንበር ተሸክመው ወደ ሚናክሺ መኝታ ክፍል ያደርሱታል። ካህናቱ በሳንስክሪት ያነብባሉ፤ ኦዱቫር የሚባሉት መዘምራን ደግሞ ከሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለውን የታሚል ዝማሬ ያዜማሉ። የግዕዙንና የአማርኛውን ድርሻ የምናውቅ እኛ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻንም።

አማኙ ግን በዋናነት የሚመጣው ለዳርሻን ነው። ዳርሻን «ማየት» ማለት ነው፤ አምላኩን ያያል፣ አምላኩም ያየዋል ብሎ ያምናል። የተማረ ሂንዱ «ይህ ድንጋይ አምላክ ነውን?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ድንጋዩ ከጠራቢው እጅ ሲወጣ ድንጋይ ብቻ እንደ ነበረ፣ በሥርዓት ሲቀደስ ግን በሁሉ ስፍራ ያለው መለኮት ለሰው ድካም ሲል በዚያ ለመታየት እንደ ፈቀደ ያስረዳል። ብዙ ስሞችና መልኮች ከአንዱ እውነት የሚወጡ ናቸው የሚሉም አሉ፤ ለአንዱ ብቻ የሚያድሩም አሉ። ሁሉም ግን በአንድ ቃል አይናገሩም፤ ሂንዱነት አንድ የሃይማኖት ጸሎት፣ አንድ መሥራች፣ አንድ ርእሰ ካህናት የለውም።

የትምህርትና የምጽዋት ቤት

በግቢው ውስጥ የወርቅ አበባ ኩሬ የሚባል፣ ርዝመቱ ወደ 50፣ ስፋቱ ወደ 37 ሜትር የሚሆን ውኃ አለ። በትውፊት እንደሚነገረው የጥንት የታሚል ሊቃውንት ጉባኤ አንድ ድርሰት የሚገባው መሆኑን የሚፈትነው በዚህ ኩሬ ላይ በማስቀመጥ ነበር፤ መልካም ድርሰት ይንሳፈፋል፣ ክፉው ይሰጥማል። (ለዚህ መጽሔት ጽሑፍ የሚልኩልን ወገኖች እንዲህ ያለ ኩሬ ስለሌለን ሊያመሰግኑን ይገባል።) የሺህ ዓምድ አዳራሽ የሚባለውም በ1569 የተሠራ ሲሆን፣ ቆጥረው ያረጋገጡት ዓምዶቹ 985 ናቸው ይላሉ፤ የጎደሉትን አሥራ አምስቱን የሞላው የሕዝቡ ፍቅር ነው። ዛሬ አዳራሹ ሙዚየም ሆኖ የድንጋይና የነሐስ ሥራዎች ይታዩበታል።

መቅደስ በደቡብ ህንድ ከጸሎት ቤትነቱ ሌላ የብዙ ነገር ማዕከል ነበር። በታንጃቩር ራጃራጃ የተባለው የቾላ ንጉሥ በ1010 ያስፈጸመው ታላቅ መቅደስ በግድግዳው ላይ የሂሳብ መዝገቡ ተቀርጾበታል፤ ከየትኛው መንደር ስንት እህል እንደሚገባ፣ ለመብራት የሚሆን ቅቤ ማን እንደሚያቀርብ፣ በመቅደሱ የሚያገለግሉ 400 ሴት ዘፋኞችና ጭፋሪዎች የትኛው ጎዳና ላይ የትኛው ቤት እንደ ተሰጣቸው ይነበባል። በ11ኛው መቶ ዓመት ቲሩሙኩዳል በተባለ ስፍራ የተጻፈ ሌላ ድንጋይ ደግሞ በመቅደስ ሀብት የሚተዳደር ትምህርት ቤትና 15 አልጋ ያለው ሆስፒታል እንደ ነበረ ይመሰክራል። ሐዲስና ፍትሐ ነገሥት በየደብሩ ጥላ ሥር በተማረበት አገር ላደግን ለእኛ፣ የእርሻ መሬት፣ ትምህርት፣ ዜማና ምጽዋት በአንድ ቅጥር ውስጥ መገናኘታቸው የሚያስደንቅ አይደለም።

የተዘጋው በር

ነገር ግን ስለ መልካሙ ብቻ ብንናገር ይህም ሌላ ዓይነት የሐሰት ምስክርነት ይሆናል። በዚህ መቅደስ በር ለዘመናት የማይገቡ ሰዎች ነበሩ። ከወገን ሥርዓቱ ውጭ ተደርገው «የማይነኩ» የተባሉት ድሆች መቅደሱን ሊያዩ የሚችሉት ከውጭ ብቻ ነበር። ማህተማ ጋንዲም ለእነርሱ ያልተከፈተ መቅደስ አልገባም በማለቱ የታወቀ ነው። በሐምሌ 8 ቀን 1939 ቫይድያናታ አይየር የተባለ የብራህሚን ተወላጅ ጠበቃ ከእነዚህ ወገኖች ጥቂቶቹን አስከትሎ በማዱራይ መቅደስ በር ገባ። ከካህናቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት መግባቱን የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። ጋንዲም በ1946 መጥቶ ገባ።

እኛ ይህን ታሪክ አንብበን ሂንዱዎችን ለመውቀስ አንቸኩልም። በዚያው በታሚል አገር በካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ እንኳ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ወገን ለየብቻ የሚቀመጥበት ልማድ ረጅም ዘመን ኖሯል። በሰበካችን በከፋ በኩል ደግሞ ማንጆ የሚባሉት ወገኖቻችን ከሌላው ጋር በአንድ አግዳሚ እንዳይቀመጡ፣ በአንድ ማዕድ እንዳይበሉ ያደረገ ልማድ እንዳለ ማን ይክዳል? ይህ ልማድ በጥምቀት ውኃ ወዲያው አልታጠበም። እንግዲህ ስለ ማዱራይ በር የሚያስተምር ካቴኪስት የራሱን ጸሎት ቤት በር መመልከት አይርሳ።

የፈረሱ መቅደሶች

የማዱራይ መቅደስ በ1311 ማሊክ ካፉር በተባለው በዴልሂው ሱልጣን የጦር አለቃ ተዘርፎ ተጎድቷል። አሁን የሚታየው ሕንፃ አብዛኛው ከዚያ በኋላ፣ በተለይም በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት በናያክ ነገሥታት የተሠራ ነው። ይህን ስንሰማ የእኛ የኢትዮጵያውያን ልብ ወዲያው ወደ ግራኝ አሕመድ ዘመን ይሄዳል፤ በ1531 የተቃጠለውን፣ በወርቅ ያጌጠ የነበረውን መካነ ሥላሴን የማያስታውስ የታሪክ ተማሪ የለም። መቅደሱ የተቃጠለበት ሕዝብ ሐዘኑ ምን እንደሚመስል እናውቃለን።

አሁን ግን ብዙ ጊዜ በትምህርታችን የማይነገር አንድ ነገር እንናገር። በ1541 ክሪስቶፎሮ ደ ጋማና 400 የሚሆኑ የፖርቱጋል ወታደሮች አገራችንን ለመርዳት ምጽዋ ወረዱ። ደ ጋማ በ1542 ተማርኮ ተገደለ፤ ከተረፉት ጓደኞቹ ጋር የተሰለፈው የአጼ ገላውዴዎስ ሠራዊት በ1543 ድል አደረገ። የእነዚህ ሰዎች መርከቦች የተነሡት ከህንድ ወደብ ከጎዋ ነበር። በዚያችው በጎዋ ደሴት፣ ከመነሣታቸው ጥቂት ወራት አስቀድሞ በ1540፣ የፖርቱጋል ሹማምንት የሂንዱዎችን መቅደሶች አስፈርሰው ነበር። በኋላም በአጎራባቾቹ አውራጃዎች ማፍረሱ ቀጠለ፤ አንዳንድ ምእመናን ምስሎቻቸውን ይዘው ወንዝ ተሻግረው ሸሹ። እንግዲህ በአንዱ የባሕር ዳር አብያተ ክርስቲያናት እንዳይቃጠሉ ደም የፈሰሰለት መንግሥት፣ በሌላው የባሕር ዳር የሌላውን ሕዝብ የጸሎት ቤት አፍራሽ ነበር። የመጡልንን ሰዎች ውለታ አንክድም፤ የጎዋ እናቶች ያለቀሱትንም ልቅሶ እንዳልተለቀሰ አናደርግም።

ከከተማዋ የተማረ ካህን

ከዚህ ሁሉ በኋላ በ1605 ሮቤርቶ ደ ኖቢሊ የተባለ ጣሊያናዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ጎዋ ደረሰ። በዚያው ማኅበር የነበረውና በታሪካችን የታወቀው አባ ጴድሮ ፓኤዝ በ1603 ምጽዋ ከመድረሱ በፊት የተነሣው ከህንድ ነበርና፣ ሁለቱ ሰዎች የአንድ ዘመንና የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ለማለት ይቻላል። ደ ኖቢሊ በ1606 ወደ ማዱራይ ተላከ። በዚያ ከእርሱ በፊት ለአሥር ዓመት ያህል የሠሩ ካህን ነበሩ፤ ነገር ግን ከተማሩት ሂንዱዎች የሰማቸው አልነበረም። ሕዝቡ የውጭ አገር ሰዎችን በሚጠራበት የንቀት ስም ክርስትናን ራሱን ይጠራው ነበር፤ ክርስቲያን መሆን ፖርቱጋላዊ መሆን መስሎ ነበር የሚታየው።

ደ ኖቢሊ ጥቁር ልብሱን ትቶ የአገሩን መናኝ ልብስ ለበሰ፤ ሥጋና የወይን ጠጅ ተወ፤ በጭቃ ጎጆ ተቀመጠ። ታሚልኛና ቴሉጉን ተማረ፤ ከአንድ ብራህሚን መምህር እግር ሥር ተቀምጦ ሳንስክሪት አጠና። በመቅደሱ አልሰገደም፤ ይህን አጥብቀን እንናገራለን። ይልቁንም ነፍስ ከአንድ ሥጋ ወደ ሌላ ሥጋ ትዛወራለች የሚለውን ትምህርት የሚቃወም መጽሐፍ በታሚልኛ ጽፏል። ነገር ግን የተቃወመው ከተማረ በኋላ ነበር፤ የጻፈውንም ሂንዱዎች በገዛ ቋንቋቸው ሊያነቡት ቻሉ። የታሚል ካቶሊካውያን እስከ ዛሬ ቤተ ክርስቲያንን «ኮቪል» ይሉታል፤ ይህ ቃል በዚያ አገር ለሂንዱ መቅደስም የሚያገለግል ሲሆን፣ ፍቺው «የንጉሥ ቤት» ነው። ለክርስቶስ ቤት ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይገኝ ነበር?

የገዛ ወንድሞቹ ከሰሱት፤ «ጣዖት አምላኪ ሆነ» አሉት። ጉዳዩ ከጎዋ እስከ ሮም ደረሰ፤ በ1623 ር.ሊ.ጳ. ጎርጎርዮስ 15ኛ አዲስ ክርስቲያኖች የአገራቸውን የክብር ምልክቶች፣ ማለትም ክሩንና የራስ ቁንጮውን፣ ከአምልኮ ትርጉሙ አንጽተው እንዲይዙ ፈቀዱ። አንድ ነቀፌታ ግን ይቀራል፤ ደ ኖቢሊ የወገን ልዩነቱን እንደ ማኅበራዊ ልማድ ብቻ ቆጥሮ መቀበሉ ድሆቹን ከሩቅ እንዲያዩ አድርጓል። እኛ ይህን አናወድስለትም። በ1656 ዓይኑ ደክሞ በማይላፑር ዐረፈ።

በዚያው ወራት በአገራችን የሆነውን ታውቃላችሁ። አባ ፓኤዝ በትዕግሥት፣ ቋንቋ ተምረውና አገሩን አክብረው የሠሩት ሥራ በ1622 ሞታቸው ተቋረጠ። በ1625 የመጡት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ግን ሕዝቡን እንደገና ማጥመቅ፣ ካህናቱን እንደገና መካን፣ አብያተ ክርስቲያናቱን እንደገና መባረክ ፈለጉ፤ የቅዳሜን ሰንበትና ግዝረትን ከለከሉ። አገሩ ታወከ፣ ደም ፈሰሰ፣ በ1632 አጼ ሱስንዮስ የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ሁለት መቶ ዓመታት አልፈው ቅዱስ ዩስጢኖስ (አቡነ ያዕቆብ) እንደ አገሩ መነኩሴ ለብሶና በልቶ እስኪመጣ፣ አቡነ ማስያስም በ1852 ወደ ጉድሩ ገብተው በኋላም እስከ ከፋ ደርሰው፣ በ1867 የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው እስኪያሳትሙ ድረስ ያ ቁስል አልሻረም። ዛሬም ቢሆን ከኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችን ጋር ስንነጋገር አልፎ አልፎ ይመረቅዛል። ማዱራይ ላይ ሂንዱዎችን ለማስተማር የተደረገው ጥንቃቄ፣ በአገራችን ክርስቲያኖችን ለማነጋገር አልተደረገም።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርትና የጥያቄዎቹ መልስ

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በጥቅምት 28 ቀን 1965 ባወጣው፣ ኖስትራ ኤታቴ በተባለው መግለጫ፣ ሂንዱዎች የመለኮትን ምሥጢር በብዙ ትውፊትና በጥልቅ ምርምር እንደሚፈልጉ፣ በምናኔ፣ በተመስጦና በፍቅር ወደ እግዚአብሔር በመሸሽም ከዚህ ሕይወት ጭንቀት ነፃነትን እንደሚሹ ያስረዳል። ቤተ ክርስቲያን በእነዚህ ሃይማኖቶች ውስጥ ካለው እውነትና ቅድስና አንዱን እንኳ እንደማትጥል፣ መንገድ፣ እውነትና ሕይወት የሆነውን ክርስቶስን ግን ሳታቋርጥ እንደምትሰብክ ያስተምራል። ሁለቱ አንድ ላይ ይያዛሉ።

ልዩነቱ የት ነው? እኛ እግዚአብሔር ለመታየት የፈቀደው በሰው እጅ በተቀረጸ መልክ እንዳልሆነ፣ ከቅድስት ድንግል ማርያም በነሣው ሥጋ አንድ ጊዜ ለዘላለም እንደ ተገለጠ እናምናለን። የሚያድነንም የብዙ ልደት ዑደት ሳይሆን አንድ ሞትና አንድ ትንሣኤ ነው። ከላይ ያነሣናቸው መመሳሰሎች፣ ጫማ ማውለቁ፣ የውስጠኛው ክፍል ጨለማ፣ ዑደቱ፣ የሰው ልጅ በቅዱሱ ፊት እንዴት እንደሚቆም ያሳያሉ፤ በፊቱ የሚቆምለት ማን እንደ ሆነ ግን በእነርሱ አይታወቅም። ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና ሁለቱንም አድርጓል፤ ከተማዋ ጣዖት የሞላባት ሆና ስላያት መንፈሱ ተበሳጨበት፣ ሆኖም ንግግሩን የጀመረው እነርሱ ለማይታወቅ አምላክ ካቆሙት መሠዊያ ነው።

ወደ መቅደስ መግባትን በሚመለከት፣ ካቶሊካዊ ምእመን እንደ እንግዳ ቢገባ ኃጢአት የለበትም። ጫማውን ያውልቅ፣ በጸጥታ ይቁም፣ እንግዳ እንዳያልፍ የተከለከለውን ክፍል አይለፍ፤ በማዱራይ ወደ ውስጠኛው መቅደስ ሂንዱ ያልሆነ ሰው አይገባም። መስገድ፣ መባ ማቅረብ፣ በግንባር ላይ የአምልኮ ምልክት መቀበል ግን የሃይማኖት ምስክርነት ስለ ሆነ አይፈቀድለትም። ወደ ደጁ መቅረብ ራሱ ያረክሳል ለሚሉ፣ እማሆይ ትሬዛ በ1952 በካልካታ ለሚሞቱ ድሆች የከፈተችው የመጀመሪያ ቤት በካሊ መቅደስ አጠገብ ለሂንዱ ተሳላሚዎች ማረፊያ ተብሎ የተሠራ ቤት እንደ ነበረ እናስታውሳቸዋለን። ዛሬ በአገራችን ብዙ ከተሞች ሕሙማንን የሚያጥቡት ባለ ሰማያዊ ጥለት እኅቶች ሥራ ከዚያ ቤት የተወለደ ነው። እንዲሁም በየዓመቱ መስከረም 8 ቀን ቬላንካኒ በተባለችው የታሚል ከተማ ለእመቤታችን ልደት ከሚሰበሰበው ሕዝብ መካከል እጅግ ብዙ ሂንዱዎች ይገኛሉ፤ ቁልቢ ገብርኤል ስለት ይዘው የሚመጡ ሙስሊሞችን የሚያውቅ ሰው ይህን አይደነቅበትም።

ስለ ምግቡ፣ ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል። ፕራሳድ የሚባለው በምስሉ ፊት ቀርቦ የተመለሰ፣ እንደ በረከት የሚታደል ምግብ ነው። በዲዋሊ በዓል በየቤቱ ለእንግዳና ለጎረቤት የሚቀርበው ጣፋጭ ግን ሁልጊዜ ፕራሳድ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ እኛ በፋሲካ ድፎ ዳቦ እንደምንልከው ያለ ነው። የቆሮንቶስ ክርስቲያኖች ይኸንኑ ጠይቀው ነበር። ሐዋርያው የሰጣቸው ምክር በመጀመሪያው መልእክቱ በምዕራፍ 10 ይገኛል፤ ሰው ጋብዟችሁ ብትሄዱ ከኅሊና የተነሣ ሳትመረምሩ ብሉ፣ «ይህ ለጣዖት የቀረበ ነው» ያላችሁ እንደ ሆነ ግን ስለ ነገራችሁ ሰው ኅሊና ተዉት የሚል ነው። ስለዚህ የቀረበልንን የበዓል ጣፋጭ እናመሰግናለን፣ እንበላለን። «ከመቅደስ የመጣ በረከት ነው» ከተባልን ደግሞ በትሕትና፣ ሳንጸየፍ፣ እጃችንን በደረታችን ላይ አድርገን እናልፋለን።

ይህ ለጅማ ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። በሠርጋችንና በተዝካራችን ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለብቻ የታረደ ሥጋ በሌላ ድስት ማዘጋጀት የተለመደ ነው፤ እነርሱም በዒድ ቀን የእኛን ኅሊና አውቀው ፍሬውን፣ ማሩንና ቡናውን ያቀርቡልናል። ማንም አልተቀየመም። ህንዳዊ መምህራችሁ ወይም ባልንጀራችሁ ለዲዋሊ ቢጠራችሁ በዚሁ ልማድ ሂዱ። ከ1995 ጀምሮ ከቫቲካን በየዓመቱ ለሂንዱዎች የዲዋሊ የመልካም ምኞት መልእክት ይላካል፤ እናንተም «እንኳን አደረሳችሁ» ለማለት አትፍሩ። ስለ በዓሉ ቢነግራችሁ እስኪጨርስ ስሙት፤ ስለ ልደት ወይም ስለ ፋሲካ ሲጠይቃችሁም በምትኩ የምትነግሩት ይኑራችሁ።